የከተማችንን ምክር ቤት ማን መረጠው? (አዳማ)

መምህርት ከፍራንኮ | ረቡዕ ጥቅምት 6 ቀን 2017፣ ማታ 2፡10

ሰላም ናችሁ የአዳማ ልጆች?

ዛሬ ክፍል ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የምታውቁትን ደግሞ እባካችሁ አካፍሉኝ። 9ኛ ክፍል ዜግነት አስተምራለሁ። የዛሬው ርዕስ የመንግሥት እርከኖች ነበር። ሰሌዳው ላይ መሰላል ሳልኩ። ከላይ ፌዴራል፣ ቀጥሎ ክልል፣ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከተማ ላይ ስደርስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የከተማ ምክር ቤት። አባላቱን ነዋሪው ይመርጣል። የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ነው።»

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ዝምተኛ ናት፣ ብዙ አትጠይቅም። «ቲቸር፣ የእኛን እናቴ መርጣዋለች ማለት ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «መቼ?» አለች።

ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። እኔ 27 ዓመቴ ነው። ለከተማ ምክር ቤት ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አድጌ፣ ዜግነት እያስተማርኩ፣ ለዚህች ልጅ የምላት አጣሁ። ለሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ መልስ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

መጨረሻ የተመረጠው መቼ ነው? እንዴት ነው የተዋቀረው? ውስጡ ያሉት ሰዎች የማን ወገን ናቸው? ክፍል ገብቼ የምናገረው ስለሆነ እርግጠኛ የሆናችሁበትን ብቻ ንገሩኝ።

ባጃጅ 27 | ረቡዕ ማታ 2፡31

መምህርት፣ 2013 ላይ መረጥን እኮ! ሰኔ 14። ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው የተሰለፍኩት። ጣቴ ላይ ያለው ቀለም ቶሎ አልለቀቀኝም። ለልጆቹ 2013 በያቸው።

ሕግ አንባቢ | ረቡዕ ማታ 3፡05

ባጃጅ ወንድሜ፣ መሰለፍህ እውነት ነው። የመረጥከው ግን ሌላ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 አዳማ ላይ ድምፅ የተሰጠው ለሁለት ምክር ቤት ነው። አንዱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው የክልላችን ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ። የከተማ ምክር ቤት ወረቀት አልነበረም። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ግን የከተማ ምክር ቤታቸውንም በዚያው ሰሞን መርጠዋል። ብዙ ሰው የሚደባልቀው ለዚህ ነው።

መምህርት፣ የጥያቄሽ መልስ 2005 ነው። የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005 ነበር። የአካባቢ ምርጫ የሚባለው የዞን፣ የወረዳ፣ የከተማ፣ የክፍለ ከተማና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ነው። 5 ዓመቱ 2010 ላይ አለቀ። ያኔ አገሪቱ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ነበረች፣ ፓርላማው አራዘመው። 2011 ላይ ደግሞ ከጠቅላላው ምርጫ ጋር ይሁን ተባለ። ጠቅላላው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ከ2012 ወደ 2013 ሲገፋ፣ የአካባቢው ምርጫ ጭራሽ ከዝርዝሩ ወጣ። እስከ ዛሬ አልተካሄደም።

ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው? 15 ከሆነ፣ መጨረሻ ድምፅ ሲሰጥ 3 ዓመቷ ነበር። ስለዚህ እናትየዋ መርጣ ይሆናል፣ ልጅቷን አዝላ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቢው። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 1987 ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ የአዳማ ሰው በ2005 18 አልሞላውም ነበር። ስለዚህ በሕገ መንግሥቱ ዘመን የተወለደ አንድም የከተማችን ልጅ ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። እኔም እንደዚያው ነኝ።

መምህርት ከፍራንኮ | ረቡዕ ማታ 3፡12

ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለእናቴም አነበብኩላት። ዝም አለች።

የዳቤ ነዋሪ | ረቡዕ ማታ 3፡40

2005 ላይ 33 ፓርቲ አንሳተፍም ብሎ መውጣቱንም ጻፊላቸው። ከዚያ በፊት ያለው የ2000 ምርጫም ቢሆን ያው ነው። ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን 2000። ተቃዋሚዎቹ ኅብረትም ኦፌዴንም ዕጩዎቻችንን ማስመዝገብ አልቻልንም ብለው ወጡ። በአገር ደረጃ 3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫ ነበር፣ ከዚያ ውስጥ ተቃዋሚው ያገኘው በጣት የሚቆጠር ነው። እንግዲህ «የማን ወገን ናቸው» ላልሽው መልሱ ይኸው። የአንድ ወገን።

ጋሼ ቀድሞ ተመራጭ | ሐሙስ ጥቅምት 7፣ ረፋድ 4፡20

ልጆቼ፣ ይህን ክር የጎረቤት ልጅ አሳየኝ። እኔ በ2005 ከተመረጡት አንዱ ነኝ። የቀበሌ ምክር ቤት አባል ነበርኩ። ቀበሌውን አልጠራም፣ አብረውኝ የነበሩ ሰዎች አሉ። የማውቀውን ግን ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 ሰው ነበር። 3.6 ሚሊዮኑ ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። ከ1997 ምርጫ በኋላ ነው የቀበሌ ምክር ቤት እንዲህ የሰፋው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። በየመንደሩ ሰው እንዲኖር ነው የተባለው። እኔም አምኜበት ነው የገባሁት። ደመወዝ የለውም፣ ይህን እወቁልኝ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ትዝ ይለኛል። አዳራሹ 150 ሰው ቢይዝ ነው። ግማሻችን ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። አንድ የጡረተኛ ወታደር ነበር፣ ከቤቱ ዱካ (በርጩማ) ይዞ መጣ። አጀንዳው ተነበበ፣ ሪፖርቱ ተነበበ፣ ዕቅዱ ተነበበ። ሦስት ሰዓት ሙሉ። ከዚያ «የምትደግፉ እጅ» ተባለ። እጃችን ወጣ። «የምትቃወሙ?» የለም። «ድምፅ ተአቅቦ?» የለም። ተጨበጨበ።

በሦስተኛው ስብሰባ ይመስለኛል፣ እኔ ስለ ውሃ ቧንቧ ጠየቅሁ። ገንዘቡ የት እንደደረሰ ነው የጠየቅሁት። የመድረኩ ሰው በትሕትና «ጋሼ፣ ይኼ በመዋቅር ታይቶ የተወሰነ ነው» አለኝ። በመዋቅር ማለት በፓርቲ ማለት ነው። ሁላችንም የአንድ ፓርቲ አባል ነበርን፣ ነገሩ ከስብሰባው በፊት በአባላት መድረክ አልቋል። እኛ አዳራሽ የገባነው እጅ ለማውጣት ነው።

ክፋት ያለባቸው ሰዎች አልነበሩም፣ ይህን ደግሜ እናገራለሁ። ለሰፈራቸው የሚጨነቁ ሰዎች ነበሩ። ግን 300 ሰው ተሰብስቦ የሚቃወም አንድ ሰው ከሌለ፣ የሚጠይቅም አይኖርም። ጠያቂ ሲጠፋ ቧንቧው አይመጣም። አልመጣምም፣ እኔ እስክለቅ ድረስ።

መታወቂያዬ እስካሁን አለ።

መምህርት ከፍራንኮ | ሐሙስ 6፡45

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው አላገኘሁም ነበር። ያ ወታደር ዱካ ይዞ መምጣቱ አንጀቴን በላው።

ባጃጅ 27 | ሐሙስ 7፡30

እሺ ገባኝ፣ ተሳስቻለሁ። ግን ይኼን አስረዱኝ። 2005 ላይ የተመረጡት በንብ ነው፣ አይደል? ኢሕአዴግ ንብ ነበር ምልክቱ። አሁን ኢሕአዴግ የለም። ብልጽግና ነው ያለው፣ ምልክቱ አምፖል ነው። እናቴ ለንብ ነው ምልክት ያደረገችው። ያ ወንበር እንዴት ነው ወደ አምፖል የሄደው?

ሕግ አንባቢ | ሐሙስ 8፡02

ባጃጅ፣ የልብ ጥያቄ ነው ያነሳኸው።

እኛ ክልል የነበረው የኢሕአዴግ አባል ድርጅት ኦሕዴድ ነው። መስከረም 2011 ላይ ስሙን ቀይሮ ኦዴፓ ሆነ። በ2012 ከሌሎቹ የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ብልጽግና ሆነ። ሕወሓት አልገባም። በሕግ ዓይን አዲሱ ፓርቲ የቀድሞዎቹ ወራሽ ነው፣ አባላቱም ወንበራቸውን ይዘው ቀጠሉ። እዚህ ላይ ሕግ የጣሰ የለም። እናትህ ያደረገችው ምልክት ግን ለሌላ ፕሮግራም ነበር። ኢሕአዴግ አብዮታዊ ዴሞክራሲ ይል ነበር፣ ብልጽግና መደመር ይላል። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ሕዝቡን ተመልሶ መጠየቅ ተገቢ ነበር።

አዲስ አበባም ተመሳሳይ ነገር አይቷል። 2010 ክረምት ላይ ከተማው የሚተዳደርበት የቻርተር አዋጅ ተሻሻለ። ከንቲባ ወይም ምክትል ከንቲባ ከምክር ቤቱ አባላት ውጭም መሾም እንዲቻል ተደረገ። ታከለ ኡማ የምክር ቤቱ አባል ሳይሆን በምክትል ከንቲባነት ከተማውን የመራው በዚያ መንገድ ነው። የምክር ቤቱ ዘመን ሲያረጅ፣ ሕጉ ከሰዎቹ ኋላ ይሮጣል።

ምሥራቅ በር | ሐሙስ ማታ 1፡15

ሁላችሁም ዙሪያውን ትሄዳላችሁ። ዋናውን ልናገረው። አዳማ ላይ ምርጫ ቢደረግስ? መቀመጫው እኮ አስቀድሞ የተከፋፈለ ነው። 70 በመቶው በብሔር ተይዟል። እኔ አማራ ነኝ፣ አባቴ እዚህ ባቡር ጣቢያ ሠርቶ እዚሁ ነው የተቀበረው። ድምፄ ከጎረቤቴ ድምፅ ለምን ያንሳል? ይህን ለልጆቹ እንዴት አድርገሽ ታስረጃቸዋለሽ?

ሕግ አንባቢ | ሐሙስ ማታ 1፡50

ልክ ነህ፣ መነሳት ነበረበት። ቁጥሩን በትክክል ልጻፈው፣ ምክንያቱም በየካፌው በተሳሳተ መንገድ ሲነገር እሰማለሁ።

በምርጫዎቹ ጊዜ የነበረው የኦሮሚያ ከተሞች ሕግ አዋጅ ቁጥር 65/1995 ነው። በ1998 በአዋጅ ቁጥር 116 ተሻሻለ። ማሻሻያው የከተማ ምክር ቤት መቀመጫን ለሦስት ከፈለው። 50 በመቶ ከተማው ውስጥ ለሚኖሩ ኦሮሞዎች። 20 በመቶ በከተማው ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ለሚኖሩ ኦሮሞዎች። 30 በመቶ ለሌሎች ነዋሪዎች። በ2000 እና በ2005 ምርጫ ሥራ ላይ የነበረው ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ ብቻ አይደለም። ሐረር ላይ 36 አባላት ካሉት የክልል ምክር ቤት 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። የሐረሪ ሕዝብ በቁጥር ትንሽ ስለሆነ፣ በገዛ ከተማው እንዳይዋጥ ነው።

ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለጊዜው ልተወው። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የአዳማ ሕዝብ መጨረሻ የተቆጠረው በ1999 ነው። 220,212 ሰው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ከተማው ወደ ወንጂ መንገድም ወደ አዲስ አበባ መውጫም ምን ያህል እንደሰፋ ታያላችሁ። ማን ስንት እንደሆነ ሳናውቅ ነው ስለ ድርሻ የምንጨቃጨቀው።

የገበሬ ልጅ | ሐሙስ ማታ 3፡20

ምሥራቅ በር ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ፣ እኔም ከወዲህ በኩል ያለውን ልንገርህ። አንተ አባትህ እዚህ ተቀብሯል። የእኔ አባት ደግሞ በሕይወት አለ፣ ግን መሬቱ ተቀብሯል።

ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ማሳ ነበረን፣ ከከተማው ዳር። ስሙን ልተወው። እኔ 10ኛ ክፍል እያለሁ ቀያሽ መጣ። ችካል ተከሉ። ቀይ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፣ ክርን ያህላል። አባቴ ጠዋት ተነስቶ ሲያየው ችካሉ ስንዴው መሐል ነው። ሊያጭደው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ማንም አላናገረውም። በማግሥቱ ሄዶ ሲጠይቅ «በከተማው ማስተር ፕላን ተወስኗል» አሉት። የወሰነው ምክር ቤት ውስጥ የእሱ ተወካይ ቢኖርም አያውቀውም ነበር፣ ካሳው የተሰላውም እሱ በማያውቀው ቀመር ነው።

ያ 20 በመቶ ለገጠር ቀበሌ የተሰጠው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማው የሚሰፋው በገበሬው ላይ ነው። ውሳኔው ላይ ገበሬው ከሌለ ችካል ይዞ የሚመጣበትን ብቻ ያያል። ምሥራቅ በር፣ የአንተን ድምፅ ማነስ አልፈልግም። ግን የአባቴ ድምፅ ጭራሽ ያልነበረበትን ጊዜም አየሁ።

ምሥራቅ በር | ሐሙስ ማታ 3፡48

ወንድሜ፣ ስለ አባትህ አዝናለሁ። እውነቴን ነው።

ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ያ 20 በመቶ በ1998 በሕግ ገባ። ለአባትህ ረዳው?

የገበሬ ልጅ | ሐሙስ ማታ 4፡05

አልረዳውም። ችካሉ የመጣው ከሕጉ በኋላ ነው።

የዳቤ ነዋሪ | ሐሙስ ማታ 4፡30

እሱ ላይ እኮ ነው ጉዳዩ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ዕጩ የሚሆነው በፓርቲ ነው፣ የሚነሳውም በፓርቲ ነው። ገበሬው አይልከው፣ ገበሬው አይጠራው። 20ም ይሁን 50 በመቶ፣ የላከውን ነው የሚፈራው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። ይህን መብት አዳማ ላይ የተጠቀመ ሰው የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም።

የጉልት ነጋዴ | ዓርብ ጥቅምት 8፣ ቀን 7፡10

እኔ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው የምሸጠው። ትምህርቴ 8ኛ ነው፣ አዋጁን አላውቅም። ግን ከነገራችሁ ውስጥ አንድ ነገር የእኔም ሆነ።

አዳማ ዙሪያዋን ጋራ ነው። ክረምት ላይ ውሃው ከላይ ሲወርድ ታውቁታላችሁ። እኛ ረድፍ ጋ ቦይ ይሠራል ተባለና ተጀመረ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ድንጋዩ ተደርድሯል፣ ሲሚንቶው ተለስኗል። እየመጣ እየመጣ ከእኛ 15 እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ለካሁት። ውሃው ድሮ ተበትኖ ነበር የሚመጣው፣ አሁን በቦዩ ተሰብስቦ መጨረሻው ላይ ይወጣና እኛ ላይ ይፈስሳል። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ሦስት ኬሻ ሽንኩርት አጣሁ። የጎረቤቴ ሩዝ ረጠበ።

ሄድን። አራት ሴቶች ሆነን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከን፣ ሌላው «በጀቱ በምክር ቤት የጸደቀው እስከዚያ ድረስ ነው» አለን። «ተመራጫችሁን ጠይቁ» አለን። እሺ ብለን ወጣን። በር ላይ ቆመን ተያየን። ተመራጫችን ማነው? ተመልሰን ረድፉን ሁሉ ጠየቅን። 22 ሰው ነን። አንድም የሚያውቅ የለም። ኦሮሞዎቹም አያውቁም፣ ጉራጌዎቹም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም።

ወንድሞቼ፣ ስለ ድርሻ የምትሉት ትልቅ ነገር ነው፣ አልናቅሁትም። ግን ያ ሰው ኦሮሞም ይሁን አማራ፣ ስሙን ብናውቀው ሄደን በሩን እናንኳኳ ነበር።

ባጃጅ 27 | ዓርብ 7፡25

እትዬ፣ ያቺን ቦይ አውቃታለሁ መሰለኝ። ባጃጄ እዚያ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያውቃል።

ሕግ አንባቢ | ዓርብ ማታ 1፡30

እትዬ፣ «ምክር ቤት ያጸደቀው» ብለው የነገሩዎት እውነት ሊሆን ይችላል። ከተማ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንደኛው መንግሥታዊ የሚባለው ነው፣ እንደ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ። ለዚያ ድጎማው ከክልል ይመጣል። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤታዊ ነው። የውስጥ መንገድ፣ ቦይ፣ ደረቅ ቆሻሻ፣ የመንገድ መብራት፣ ቄራ። ይህ የሚሸፈነው በአብዛኛው ከተማው ከሚሰበስበው ነው። ከሊዝ፣ ከቤትና ቦታ ኪራይ፣ ከአገልግሎት ክፍያ። እርስዎም የከፈሉት እዚያ ውስጥ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ቦዩ 15 እርምጃ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለው ጥያቄ ዕቅዱ ሲዘጋጅ፣ ከሐምሌ በፊት መነሳት አለበት። የሚያነሳውም ተመራጭ ነው። ከላይ ፓርላማ ያለው ሰው የእርስዎን ቦይ አያየውም።

ሕገ መንግሥቱም ይህንኑ ነው የሚለው። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል።

ስለ አመራረጡም አንድ ነገር ልጨምር፣ መምህርት ሰሌዳ ላይ ልትሠሪው ትችያለሽ። የእኛ አገር ሥርዓት አብላጫ ድምፅ ነው። አንድ ቀበሌ 10 ሰው ይልካል እንበል። ሦስት ፓርቲዎች እያንዳንዳቸው 10 ዕጩ አቀረቡ። የመጀመሪያው 40 በመቶ ደጋፊ አለው፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25። ሁሉም ሰው የፓርቲውን 10 ሰዎች ከመረጠ፣ 10ሩም ወንበር ለመጀመሪያው ነው። 60 በመቶው ሕዝብ አንድም ሰው የለውም። በተመጣጣኝ ውክልና ቢሆን 4 ወንበር ለመጀመሪያው፣ 6ቱ ለሁለቱ ይሆን ነበር። ምሥራቅ በርና የገበሬ ልጅ የሚከራከሩበት ነገር ግማሹ በዚህ ይቃለላል ብዬ አስባለሁ። ሰው በቁጥሩ ልክ ወንበር ካገኘ፣ በሕግ የሚታጠር ድርሻ ያን ያህል አያስፈልግም።

የገበሬ ልጅ | ዓርብ ማታ 2፡10

ግማሹ ይቃለል ይሆናል። የገጠሩ ግን አይቃለልም። እኛ ከከተማው ሰው ጋር ስንነጻጸር ሁልጊዜም ጥቂት ነን። ለእኛ የተለየ ወንበር ይቅር ካላችሁ አልስማማም።

ምሥራቅ በር | ዓርብ ማታ 2፡40

በገጠሩ እስማማለሁ። መሬቱ የሚነካ ሰው ወንበር ይኑረው፣ ሕጋዊ ይሁን። ብሔሩ ምንም ይሁን፣ ማሳው ላይ ችካል የሚተከልበት ሁሉ። በ50 እና በ30ው ግን አልስማማም፣ አሁንም። እዚያ ላይ እንደተለያየን እንቆይ።

የገበሬ ልጅ | ዓርብ ማታ 2፡52

እንቆይ። ቡና ግን እጋብዝሃለሁ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ነው የምሠራው።

የዳቤ ነዋሪ | ቅዳሜ ጥቅምት 9፣ ጠዋት 3፡00

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ምርጫ ቢደረግ ሁሉም ይስተካከላል ብላችሁ አታስተምሯቸው። በ1997 አዲስ አበባ ላይ ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138 የከተማ ምክር ቤት መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። ግን ምክር ቤቱ በአሸናፊዎቹ አልተቋቋመም። ክርክሩ፣ እስሩ፣ የሰው ሕይወት መጥፋቱ ሁሉ መጣ። ከተማው እስከ 2000 ባልተመረጠ፣ በተሾመ የባለአደራ አስተዳደር ቆየ። ድምፅ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ መጀመሩ ሌላ ነው። የእኛ ልጆች ሁለቱንም ማወቅ አለባቸው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ፖለቲካ የሚባል ነገር መስማት አልቻልኩም።

ጋሼ ቀድሞ ተመራጭ | እሑድ ጥቅምት 10፣ 9፡30

ልጄ የዳቤው፣ ያልከው ትክክል ነው። እኔ ግን ከዚያም በፊት ያለውን አስታውሳለሁ። ቀበሌ የሚባለው ነገር የመጣው በአዋጅ ቁጥር 47/1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ነው። የነዋሪ ማኅበር ተብሎ ነው የተጀመረው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ተሰብስቦ የእውነት ይመርጥ ነበር። እጅ እያወጣ፣ ሜዳ ላይ። ስኳርና ዘይት የሚያከፋፍለውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል፣ ካጭበረበረ በማግሥቱ ይጮሁበታል። በኋላ ነገሩ ተበላሸ፣ ቀበሌ ማለት የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ያን ደም አልረሳም። ግን በዚያች በመጀመሪያዋ ዓመት አናጢም፣ ጠላ ሻጭም፣ የባቡር ሠራተኛም አንድ መድረክ ላይ ሲሟገቱ አይቻለሁ። አማርኛም ኦሮምኛም እየቀላቀሉ። ስለዚህ ሰዉ አይችልም ሲሉኝ አልቀበልም።

መምህርት ከፍራንኮ | ሰኞ ጥቅምት 11፣ ማታ 2፡20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጻፍኩት ሁሉንም፣ 6 ገጽ ሆነ።

ለልጆቹ እንዲህ ላደርግ አስባለሁ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን «ነዋሪው ይመርጣል» የሚለውን አላጠፋውም፣ ሕጉ ስለሆነ። ከጎኑ ግን «መጨረሻ፦ ሚያዝያ 2005» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ የእትዬን ቦይ እነግራቸዋለሁ፣ ስም ሳልጠራ። ከዚያ ለሁለት ከፍዬ አከራክራቸዋለሁ። አንዱ ቡድን የገበሬ ልጅን ሐሳብ ይይዛል፣ ሌላው የምሥራቅ በርን። ልጆቹ በብሔራቸው እንዳይቧደኑ በዕጣ ነው የማወጣው። ኦሮሞው ልጅ የምሥራቅ በርን እንዲከራከር፣ ሌላው ደግሞ የገበሬ ልጅን።

ቤት ሥራም እሰጣለሁ። እያንዳንዱ ልጅ የሰፈሩን ተመራጭ ስም ይዞ ይምጣ። ያጣ ደግሞ ማንን እንደጠየቀና ምን እንደተባለ ይጻፍ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት? ዓርብ ጥቅምት 15፣ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ክፍሌ ይመጡልኛል? ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጃለሁ። ያን የዱካውን ነገር ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት እወዳለሁ።

የጉልት ነጋዴ | ሰኞ ማታ 2፡45

መምህርት፣ የልጆቹ ቤት ሥራ ላይ የእኛ ረድፍ ተመራጭ ስም ከተገኘ ለእኔም ንገሪኝ።

ጋሼ ቀድሞ ተመራጭ | ማክሰኞ ጥቅምት 12፣ ጠዋት 2፡05

እመጣለሁ ልጄ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ፎቅ ከሆነ ቀድመሽ ንገሪኝ።

መታወቂያውን ዛሬ ከሣጥን አወጣሁት። ፎቶው ደብዝዟል፣ ማኅተሙ ግን ይነበባል። የሚያበቃበት ቀን የሚል መስመር አለው። ባዶ ነው፣ ማንም አልሞላውም።

ባጃጅ 27 | ማክሰኞ 2፡11

ጋሼ፣ ዓርብ እኔ አደርስዎታለሁ። ሰፈርዎን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ፣ 4 ሰዓት ላይ በር ላይ ነኝ።